የማዳም ዘንባባ

ስሙኝማ፣ በኮሮና ጊዜ ነው፣ ዱባይ አጠገብ አጅማን ሰው ቤት ስሠራ። ማዳም ሳሎኗ ጥግ በትልቅ የአበባ ማሰሮ የተተከለ ዘንባባ አላት፤ እንደ ልጆቿ ትሳሳለታለች። በየጠዋቱ ውሃ የምረጭበት፣ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ የምጠርገው እኔ ነኝ። ሆሳዕና ደረሰ፤ ቤተ ክርስቲያን ዝግ ነው። አላስቻለኝም፤ አንዲት ቅጠል ቀጠፍኩና ግንባሬ ላይ አሰርኩ። ዞር ስል ማዳም ቆማለች! “ምንድን ነው ይሄ?”

“በዓላችን ነው ማዳም፤ ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶብኝ ነው።” ከግንባሬ ወደ ዘንባባዋ አየች። ኸላስ፣ አበቃልኝ ስል ትንሿ ልጇ “ለእኔም!” ብላ ማልቀስ ጀመረች። ማዳም ተንፍሳ፣ “ያላ፣ እሰሪላት። ግን ከጀርባው በኩል ቁረጪ፣ እንግዳ እንዳያየው” አለችኝ። “የምን እንግዳ ማዳም? በኮሮና ማን ይመጣል?” አልኳት ሳላስበው። በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ለልጆቿ ሁሉ አሰርኩ፤ ለእሷም ከቅጠሉ ቀለበት ሠርቼ ጣቷ ላይ አጠለቅኩላት። ሲመሽ ዘንባባው ተላጭቶ ቆሟል፤ ማዳም ግን የቅጠል ቀለበቷን አላወለቀችም።