እማዬን ምን ልበላት?

(ጎንደር፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፤ የእትዬ ስንዱ የተማሪ ልብስ ስፌት ቤት። ሰፊዋ ያለምዘርፍ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማለች።)

ስንዱ፦ አልኩሽ እኮ! የስፌት መኪናው ከዚህ ቤት አይወጣም። አለቀ።

ያለምዘርፍ፦ ለሁልጊዜ አላልኩም እትዬ። እማዬ ትንሽ ቀና እስክትልልኝ ብቻ። ቤቴ ሆኜ እሰፋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የሰፋሁትን አምጥቼ የተቆረጠውን እወስዳለሁ።

ስንዱ፦ ትርንጎም እንዲሁ ብላኝ ነበር። መኪናውም፣ ጨርቁም፣ እሷም እንደወጡ ቀሩ።

ያለምዘርፍ፦ እኔ ትርንጎ ነኝ?

ስንዱ፦ አይደለሽም። ግን ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ሁሉም መኪናውን ተሸክሞ ሊወጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በየቀኑ ይደውላል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን አልጥልም፣ ያለም።

ያለምዘርፍ፦ እሺ፣ መኪናው ይቅር። ግማሽ ቀን ልሥራ፤ ደሞዜንም በግማሽ ያድርጉት።

ስንዱ፦ ሱሪ ሳይታጠቅ በሸሚዝ ብቻ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አይተሻል?

ያለምዘርፍ፦ ይቀልዱብኛል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ? ቸግሮኝ ነው።

ስንዱ፦ እህትሽስ?

ያለምዘርፍ፦ ቤይሩት ሆና ምን ታድርግ? ትደውልና ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ እሷን አባብላለሁ።

ስንዱ፦ ጎረቤትስ?

ያለምዘርፍ፦ ብቅ እያለች የምታይልኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ ልጇ ወልዳ አዘዞ ሄደች። ትናንት ስገባ እማዬን መሬት ላይ አገኘኋት። ከአልጋዋ ወድቃ። ምላሷ ከተሳሰረ ወዲህ ድረሱልኝ ብላ መጮኽ እንኳ አትችል።

ስንዱ፦ በስመአብ! ተጎዱ?

ያለምዘርፍ፦ ቀሚሷ ርሶ ነበር። ሳነሳት ፊቷን አዞረችብኝ። አፈረችኝ እትዬ። እናቴ እኔን አፈረች።

ስንዱ፦ ...ተይ እንግዲህ፣ ሆዴን አታባቢው። ሠራተኛ ቅጠሪላቸው።

ያለምዘርፍ፦ የጠየቅኳት ሁሉ የምትፈልገው የእኔኑ ደሞዝ ነው። ለእሷ ሰጥቼ እኛ ምን እንበላለን? እዚህ ላምጣት? ከጨርቁ ክምር ጎን ፍራሽ አነጥፋለሁ።

ስንዱ፦ ደንበኛ በሚወጣ በሚገባበት? በካውያና በመቀስ መሀል? እሳቸውንም ማዋረድ ነው።

ያለምዘርፍ፦ እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ። የኔ መላ አልቋል።

ስንዱ፦ የኔም አልቋል። ቆይ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ? አባትሽ ያረፉ ጊዜ ቤቱን ዘግቼ ከነሠራተኞቼ አልመጣሁም? እስከ ሰልስት እዚያው ሆኜ ወጥ ስሠራ የነበርኩት እኔ አይደለሁም?

ያለምዘርፍ፦ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።

ስንዱ፦ ያኔ ከሥራ ለምን ቀረሽ ብዬሻለሁ?

ያለምዘርፍ፦ አላሉም።

ስንዱ፦ አሁንም ቢሆን፣ ክፉ አያሰማሽ እንጂ፣ እናትሽ አንድ ነገር ቢሆኑ ሳምንቱን ሙሉ ቤትሽ ቁጭ በይ ነው የምልሽ። ደሞዝሽን አልነካም። ትምህርት ቤቱም ለቅሶ ነው ሲሉት ይገባዋል፤ ይታገሠኛል።

ያለምዘርፍ፦ ታዲያ እማዬን ምን ልበላት፣ እትዬ? ቶሎ በይ ልበላት?