በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የወጣው ምድጃ ጉዳይ

የምስክር ስም፦ ሞታሌብ ሳርዳር
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ወተት አፍልቶ ጣፋጭ መሥራት
አድራሻ፦ አሮጌው ዳካ፣ ሻምቶላ ሰፈር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2025፣ ከቀኑ 6 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር ራኪብ ሙንሺ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ የጎረቤቴ የሆስኔ አራ ቤገም የኤሌክትሪክ ምድጃ ስለጠፋበት ሁኔታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ነገሩ ግራ እንዳጋባኝ በቅድሚያ እንዲመዘገብልኝ አመልክቼ፣ እንደሚከተለው ቃሌን ሰጥቻለሁ።

በሰፈራችን የጋዝ ቧንቧ አለ። ድሮ ብዙ ነደደም ጥቂት ክፍያው በወር ያው ስለነበር፣ ክብሪት እንዳናባክን ብለን ምድጃ አናጠፋም ነበር፤ ልብስም የምናደርቀው እላዩ ላይ ነበር። አሁን ጋዙ መንምኖ የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሆኗል። መንግሥት ወደ ኤሌክትሪክ ዙሩ ስላለ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ዞሮ በመስመሩ ላይ የቀረነው ሦስት ብቻ ነን፤ እኔ፣ ሻይ ሻጩ ዙልፊከር፣ እንዲሁም ሰፈርተኛው ሁሉ «ኻላ»፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራቸው ሆስኔ አራ ቤገም።

በጋዝ ተቆጣጣሪው ደንብ እኔና ዙልፊከር ነጋዴዎች ስለሆንን የሚጠብቀን የለም። ኻላ ግን ባል የሞተባቸው አሮጊት በመሆናቸው «ጥበቃ የሚደረግለት ደንበኛ» ተብለዋል። እርሳቸው በጋዝ እስካበሰሉ ድረስ መስመሩ አይነቀልም። ቤታቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከተገኘ ግን በፈቃዳቸው እንደዞሩ ተቆጥሮ ቧንቧው ይነቀላል። ቧንቧው ከተነቀለ ሱቄ ተዘጋ ማለት ነው። የእኔን ጋን የሚያክል ወተት በኤሌክትሪክ ምድጃ አይፈላም፤ እንጨት ማንደድም ተከልክሏል። ሦስት ያላገቡ ሴት ልጆች አሉኝ። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢባልም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ለእኔ የሌሊት ጋዝ ይስማማኛል፤ ወተት የማፈላው በሌሊት ነው። ኻላ ግን ለአንድ ድስት ምስር ሲሉ ከእንቅልፍ መነሣት ስለመረራቸው፣ ልጃቸው ከቺታጎንግ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላከችላቸው። ይህን እንደሰማሁ አንድ ሳህን ጣፋጭ ይዤ ሄጄ፣ ደንቡ እርሳቸውን ለመጠበቅ የወጣ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው። እርሳቸውም «ሞታሌብ፣ የሚጠብቀኝ ሞልቷል፤ የሚያበስልልኝ ነው የጠፋው» አሉኝ። ጣፋጩን ግን ተቀብለውኛል።

ቅዳሜ የጋዝ መሥሪያ ቤቱ ሰው ቤት ለቤት ሊያይ እንደሚመጣ ተነግሮን ነበር። በዚሁ ዕለት ጠዋት ሱቄን ስከፍት፣ ዙልፊከር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ከኻላ ደጅ ሲወጣ አየሁት። ምን እንደያዘ ብጠይቀው «ሕፃን ነው» አለኝ። ዙልፊከር ስድሳ ዓመቱ ነው፤ አግብቶም አያውቅም። የማን ሕፃን ነው ብዬ ብጠይቀው «ሞታሌብ ባይ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ለጨዋ ሰው የሚቀርብ ጥያቄ ነው? እንቅልፍ ወስዶታል፣ ቀስ አድርገህ ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ሕፃኑ ከባድና ጠፍጣፋ ነበር። ከብርድ ልብሱ ሥር ጥቁር ገመድ ከነሶኬቱ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ፤ የእትብት ነገር የሴቶች ጉዳይ ስለሆነ አልገባሁበትም። ብርድ እንዳይመታው ባዶ የወተት ጋን ውስጥ አስተኝቼ ክዳኑን ገርበብ አደረግሁለት።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የጋዝ መሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ። ኻላ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ፣ ከመስመሩ አውጡኝ ብለው ወደ ጓዳ ቢያስገቡት ምድጃው የለም። ትናንት እዚሁ ምስር እንዳበሰሉበት በፈጣሪ ስም ቢምሉም ሰውየው የሚጽፈው ያየውን ብቻ መሆኑን ነግሯቸው፣ የጋዝ ደንበኝነታቸው ይቀጥላል ብሎ ጽፎ ሄደ። ኻላም በቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ መጥተው አመለከቱ፤ ፖሊስ ሲፈትሽ ምድጃውን ከእኔ ጋን ውስጥ አወጣው።

ሰርቀሃል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ሕፃን ተቀብዬ አስተኛሁ እንጂ አልሰረቅሁም ብያለሁ። ዙልፊከር ፊት ለፊቴ ቀርቦ ሲጠየቅ፣ እርሱ ያስረከበው ሕፃን እንደነበረ፣ ጋን ውስጥ ገብቶ ምድጃ ሆኖ ከተገኘ ግን እርሱን እንደማይመለከተው ተናግሯል። በዚህ ጊዜ ማን ወሰደው የሚለው ለእኔም ግልጽ አልሆነልኝም።

መርማሪው፣ ወሳጁ ተለይቶ ከታወቀ መዝገቡ ተዘግቶ ምድጃው ዕለቱን ለኻላ እንደሚመለስ፣ እስከዚያው ግን በኤግዚቢትነት ጣቢያው ውስጥ እንደሚቆይ አስረዳኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ግራ መጋባቴ እጅግ ጨምሯል። ዙልፊከር ይሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን፣ ብርድ ልብሱ ራሱ ይሁን መለየት አልቻልኩም።

ቃሌን በምሰጥበት ሰዓት ኤግዚቢቱ ከመርማሪው ወንበር ጀርባ ተሰክቶ ነበር። ኻላ ንብረታቸውን በየቀኑ በምሳ ሰዓት የማየት ፈቃድ ስላገኙ፣ ድስታቸውን ይዘው መጥተው አጠገቡ ተቀምጠው እያማሰሉ ነበር። መርማሪውም ሳህኑን አቅርቧል። ኻላ ምስክርነቴን እያዳመጡ ቆይተው «ሞታሌብ ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ? ረጋ ብለህ አስታውስ» አሉኝ። ከመስማማት ውጪ አማራጭ አልነበረኝም።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። እውነት መሆኑን፣ ግራ የተጋባሁባቸውም ቦታዎች ከነግራ መጋባታቸው በትክክል መስፈራቸውን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ከፊርማዬ በላይ የሚታየው ቢጫ ነጠብጣብ ምስር እንጂ ስርዝ ድልዝ አይደለም።

የምስክር ፊርማ፦ ሞታሌብ ሳርዳር
ቃሉን የተቀበለው ሰው ፊርማ፦ ረ/ኢንስፔክተር ራኪብ ሙንሺ
የኤግዚቢቱ ሁኔታ፦ ትኩስ