የአባዬ ፈረስና የጌትነት አውሮፕላን

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ፊደልም እስታለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምሁትና ይቅር በሉኝ። ወንድሜ ጌትነት ፓይለትነት ይማራል። ለእረፍት እንጅባራ ሲመጣ መለማመጃ ኮምፒውተርና አቅጣጫ የሚያስይዝ የእግር መርገጫ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚለማመድባት አውሮፕላን ሦስተኛ ጎማዋ ጭራዋ ሥር ነው። መሬት በነካች ቁጥር ጭራዋ ልቅደም ብላ ትዞርና ትገለበጣለች። ሲመለስ ፈተና አለበት፤ ከወደቀ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። ዐሥር ጊዜ ሲገለበጥ አይቼ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል? ነይ አሳርፊያታ!»

እያፈርሁ ተቀመጥሁ። ጭራዋ ገና ዘንበል ልትል ስትል በእግሬ ነካ ነካ እያደረግሁ መለስኋት። ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንቺ! ማን አስተማረሽ?»

«እንጃ። አንተ ከዞረች በኋላ ነው የምትረግጠው፤ ቀደም በላት» አልሁት። እስኪመሽ አምስት ጊዜ አሳረፈ።

ማን እንዳስተማረኝ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለበዓል ግልቢያ የሚቀለበው የአባዬ ፈረስ ነው፤ ሲያቆሙት ኋላው ወደ ጎን ይሸሻል፣ በእግር ካልቀደሙት ይጥላል። አባዬ ጠዋት ጠዋት ላብ አጥምቆት ሲያገኘው «ሌሊት ሌሊት ጋኔን እየጋለበው ነው» ብሎ ጠበል ያስረጨዋል።

ጋኔኑ እኔ ነኝ።