ተገፍታ የምትነሳዋ መኪና

ጎረቤታችን ተክሌ እህል ነግዶ ነግዶ ከሰረና፣ ከሚስቱ ከአስካለ ሊፋታ ሽማግሌ በተቀመጠበት ሳምንት ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? መኪና! የቀሩትን ሁለት በቅሎዎች ሰጥቶ የለወጣት አሮጌ መኪና። ንብረት ሲካፈሉ አንዱ ይመድባል፣ ሌላው ይመርጣል አይደል? መዳቢው እሱ ነበር። ቤቱንና ላሟን በአንድ ወገን፣ መኪናዋን በሌላ አደረገና፣ «ምረጪ እንግዲህ፤ መኪና አንቺ ላይ ነው የሚያምረው» አላት። ቤቱ እንዲቀርለት ነው፤ መች ጠፍቶን! አስካለም፣ «መጀመሪያ ተነስታ ልያት» አለች። መኪናዋ እምቢ! ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አደግድገው ቢገፏት እንኳ አንዴ አሳላትና ዝም። «እንግዲያው ቤቱን መርጫለሁ» አለች አስካለ፣ ሳቋን አፍና።

ተክሌ ልብሱን ጭኖ እናቱ ዘንድ ሁሩታ ሊሄድ ሲነሳ፣ መንደሩ ሁሉ ወጥተን መኪናዋን ገፋን። አስካለም ነጠላዋን ታጥቃ ከጎኔ ትገፋለች። መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ሞተሩ ተነሳ። ቆሞ እንዳይሰናበት ይጠፋበታል፤ እጁን በመስኮት እያወዛወዘ ወረደ። እኔ «እሰይ፣ ተገላገልሽ!» ብላት፣ አስካለ ደረቷን ይዛ፣ «ውይ እቴ! ፍሬኗ መያዙን ሳልጠይቀው!» ብላ ጫማዋን ጥላ ተከትላው ሮጠች።