ክዳኑን አይቶ የፈረደ

ማሬ ልጇን እንዳዘለች በአማኑኤል ከተማ ያለችውን ፎቶኮፒ ቤት ጠርጋ ስትጨርስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ትናንት ከደብረ ማርቆስ የመጣው ጠጋኝ "ፕሪንተሩን ያበላሸችው እሷ ናት" ብሎ ስለፈረደባት፣ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ እስከዳር ቁልፉን እንድታስረክብ ነግረዋታል። ጠጋኙም አራት እስክርቢቶ በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ማሬ ወደ እሱ ዞር ሳትል ለእስከዳር ትናገር ጀመር።

"እንዴት አደሩ እትዬ? ጉንፋኑ ተሻለዎት? ጭቃው ዛሬ ለገበያተኛ አይመችም፤ ፈረሶቹ እንኳ አስፋልቱን ይዘው ነው የመጡ...

"እኔማ ስጠርግ፣ የተማረ ሰው እንዴት ደስ ይላል እያልሁ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ምን ያውቃል? ኮምፒውተሩም እንደኔ ሳያቋርጥ አልቀረም፤ ይጠይቃል። የፕሪንተሩ ገመድ ሲሰካ ማሽኑን 'ማን ሠራህ? ምን ዓይነት ነህ?' ይለዋል። ማሽኑም ቁጥሩን ይነግረዋል። ድራይቨር የሚሉት፣ ማሽኑን የሚያናግረው ፕሮግራም፣ ያ ቁጥር በመዝገቡ ካለ 'ይህስ የኔ ነው' ብሎ ይይዘዋል። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? አዋቂ ሰው ክዳኑን አየት ያደርጋል፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ስም ያነባል፣ በዚያ ስም ድራይቨሩን በግድ ይጭናል... አለቀ!

"ክዳኑን ያስታውሱታል እትዬ? አምና ፍየሏ ዘላበት የፊተኛው ሲሰበር፣ እርስዎ ራስዎ ከደምበጫ፣ ከሌላ ማሽን የተፈታ ያመጡትን? እንዴት ያለ ክዳን መሰለዎት፤ የስንቱን ትምህርት ፈተነ!

"ትናንት በዚያ ስም ከተጫነ ወዲያ ወረቀቱን የሞላው ጉንዳን መሳይ ነገርስ? እኔ ደንቆሮዋ የተበላሸ መስሎኝ... ለካ ረቂቅ ጽሑፍ ኖሯል። እጄ አላርፍ ብሎ ግን ማሽኑ የተናገረውን ቁጥር አየሁና በቁጥሩ የተመዘገበውን ጫንሁለት። ይኸው፣ የደንበኛችን የቶይባ ልጅ የትምህርት ቤት ፎርም። አንድ ፊደል ጎድሎት ይሆን?"

እስከዳር ወረቀቱን ወደ ደጁ ብርሃን አነሡት። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቁልፉን በጣታቸው ወደ ማሬ ገፋ አደረጉት። ጠጋኙ ያልተፈታውን የጫማውን ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር ያዘ።

ማሬ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችና ልጇን ከፍ አድርጋ አዘለች።

"ሰውየውን ግን እንዳይቀየሙ እትዬ፤ ከማርቆስ ድረስ ደክመው የመጡ ሰው ናቸው። እግዚአብሔር በሄዱበት ሁሉ የደረት ኪሳቸውን አራት እስክርቢቶ አይቶ የሚያከብር ያጋጥማቸው። 'ምን ታውቃለህ?' ብሎ የሚጠይቃቸውን ከመንገዳቸው ያርቅላቸው... አሜን ይበሉ እንጂ!"