ቢጫ የያዘ ይቅደም

ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ መውጫ ላይ ካለች የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ፣ በሐምሌ ጠዋት፤ ሾፌሩ ጋሽ ላቀው ለቀስተኛ የጫነ ሚኒባሱን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ አቁሞ ከባለሱቋ ከወንድሙ ልጅ ከስንዱ ጋር ባንኮኒው ላይ ተፋጧል።

ስንዱ፦ አልሸጥም አልኩ እኮ ጋሼ።

ላቀው፦ ምን ማለት ነው አልሸጥም? ሱቅ ከፍቶ አልሸጥም አለ? በይ ቢጫውን የጉም መብራት አምጪ፣ ሰው ጭኛለሁ።

ስንዱ፦ ባለፈው የወሰዱትስ?

ላቀው፦ ሞቷል። ጭል ጭል ነው የሚለው።

ስንዱ፦ ከዚያ በፊት የወሰዱትስ?

ላቀው፦ እሱም ያው ነው። እንግዲህ ዕቃሽ ውዳቂ ነው አላልኩም፤ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ገበያዋ እንዳይቆም ብዬ ነው በሰው ፊት አፌን የያዝኩት።

ስንዱ፦ ከዚያው ካርቶን ለሌላ ሰውም ሸጫለሁ። አንድም ተመልሶ የመጣ የለም።

ላቀው፦ ሌላው ሰው ከተማ ውስጥ ለጌጥ ነው የሚያበራው። ጣርማበር ላይ አብርቶ ይየው እስቲ! በይ ቶሎ በይ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። የዕድርተኛችን የጥላዬ እናት ደብረ ሲና ላይ ተገንዘው ዕድሩን እየጠበቁ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወዲያ ደግሞ ጉሙ ገና ከሌሊት ጀምሮ ወርዷል፣ እጅህን ዘርግተህ አታየውም ይላሉ።

ስንዱ፦ ክንዴም አብሮ ነው የሚሄደው?

ላቀው፦ ቅጥቅጥ አውቶቡሱን ከኋላዬ አቁሟል። ግማሽ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰዉ «እኛ ከላቀው ጋር ነው የምንሄድ» ብሎ እኔ ላይ ተጠቀጠቀ። ምን ላድርግ? ያምነኛላ!

ስንዱ፦ ክንዴ ቢጫ የለውም?

ላቀው፦ ክንዴ? ያንን ነጭ ኤል ኢ ዲ አስገጥሞ የለ! ጉም ውስጥ ሲያበራው ብርሃኑ ተመልሶ ራሱ ላይ ነው የሚፈስበት፤ ፊቱ ግድግዳ ይቆማል። እንዲህ ያለው ልጅ እንዴት ብሎ ነው ፊት የሚወጣ? የመንገዱን ደንብ ታውቂው የለ፤ ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ቢጫ የያዘ ይቅደም ነው። ሌላው የሱን የኋላ ቀይ መብራት ብቻ እያየ ይከተላል። ስቆም ይቆማል፣ ስዞር ይዞራል። ስንት ዓመት ሙሉ ስመራቸው ኖርኩ፣ አንድ ቀን የሰው ጥፍር አልተነቀለም።

ስንዱ፦ እርስዎ መታጠፊያውን ቢስቱስ?

ላቀው፦ ምን አልሽ?

ስንዱ፦ ፊት ያለው መታጠፊያውን ቢስት፣ ከኋላ ቀይ መብራቱን እያየ የሚመጣው ምን ያደርጋል ነው የምለው።

ላቀው፦ በስመ አብ! ለቀስተኛ ጭኜ ታሟርቺብኛለሽ? ምን ነካሽ ዛሬ?

ስንዱ፦ እሺ ይተዉት። የትኛውን ልስጥዎ?

ላቀው፦ መቶ ዋቱን።

ስንዱ፦ የርስዎ መኪና የሚወስደው ሃምሳ አምስት ነው። መቶውን ብሰጥዎ ሽቦው ይቀልጣል፣ ሶኬቱ ይነዳል። ደግሞ ጉም ውስጥ በጉልበት አይሆንም፣ ዝቅ ብሎ መንገዱን የሚልስ ብርሃን ነው የሚያስፈልገው። ይህን ያስተማረኝ ማን ሆነና?

ላቀው፦ እኔ ነኛ! እኔው ያስተማርኩሽ እኔው መቶውን አምጪ እያልኩሽ ነው።

ስንዱ፦ ካልሆነ እንደ ክንዴ ነጩን ይውሰዱ።

ላቀው፦ እሱን አታሳዪኝ! እሱ ነው እኮ ጠላቴ። ከፊቴ ሲመጣ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ይበተናል። ካለፈም በኋላ መንገዱ የት እንደገባ… ማለቴ፣ ሰዉ ሁሉ ነው በዚህ መብራት የተቸገረው።

ስንዱ፦ ይበተናል? እንዴት ነው የሚበተነው?

ላቀው፦ ክብ ሠርቶ ነዋ። ዙሪያውን ጨረር አውጥቶ። ለማንም እንደዚያው ነው የሚታየው!

ስንዱ፦ ለኔ እንደዚያ አይታየኝም ጋሼ።

ላቀው፦ አንቺ ምኑን ታውቂው! መሪ ጨብጠሽ ታውቂያለሽ? በይ ነገር አታብዢ። ይሰማሻል? ክላክስ እያደረጉብኝ ነው።

ስንዱ፦ ይጠብቁ። የግራ ስፖኪዮው የት ሄደ?

ላቀው፦ አህያ ገጨኝ።

ስንዱ፦ አህያ?

ላቀው፦ አዎ አህያ! ጭነት የያዘች። መጥታ ገጨችኝ።

ስንዱ፦ እየሄደች ነበር ቆማ?

ላቀው፦ … ቆማ።

ስንዱ፦ ቆማ መጥታ ገጨችዎ።

ላቀው፦ ሳቂ፣ ሳቂ! ማን አለብሽ፣ በገዛ ሱቅሽ አይደል።

ስንዱ፦ ኧረ ሳቅ ከየት ይመጣል ጋሼ። ያንን የሞተውን አምፖል ይዘውታል?

ላቀው፦ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ረዳቱ አውጥቶ ሰጠኝ። እንቺ።

ስንዱ፦ በመስታወቱ ነው የያዙት።

ላቀው፦ እና ብይዘውስ?

ስንዱ፦ ልጅ ሆኜ በመስታወቱ ብይዘው እኮ እጄን መተውኛል። የጣት ወዝ ከነካው ሲግል ይፈነዳል፣ ሁልጊዜ በብረት እግሩ ነው የሚያዘው ብለው።

ላቀው፦ ቸኩዬ ነው።

ስንዱ፦ እግሩ አልታየዎትም?

ላቀው፦ ቸኩዬ ነው አልኩሽ! ምንድን ነው ይሄ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው የገባሁት?

ስንዱ፦ በሉ አይቆጡ፣ እሸጥልዎታለሁ። ግን አይተው ይምረጡ። ይሄው የርስዎን አሮጌውንና አሁን ከካርቶን ያወጣሁትን፣ ሁለቱንም እዚህ ባትሪ ላይ አስሬ አበራቸዋለሁ። እንዲጨልምልን በሩን ገርበብ ላድርገው። ይሄው። የትኛው ይሻላል?

ላቀው፦ እ… ቆይ ልጠጋ። ይሄኛው! በቀኝ በኩል ያለው። ይሄን ነበር እኮ የምልሽ፤ የተነጠረ ቅቤ የመሰለ! የግራው የኔው ነው፣ ያስታውቃል፣ ደክሞታል።

ስንዱ፦ እርግጠኛ ነዎት?

ላቀው፦ ጠፍቶኝ ነው? ይሄን የቀኙን ነው የምፈልገው። ጥንዱን ስጪኝ፣ ይሄው ነው።

ስንዱ፦ የቀኙ የርስዎ ነው ጋሼ።

ላቀው፦ ምን?

ስንዱ፦ አሁን ከኪስዎ ያወጡት አሮጌው እሱ ነው።

ላቀው፦ ውሸትሽን ነው! ቀያይረሽው ነው። ልታዋርጂኝ ብለሽ…

ስንዱ፦ አጥፍቼዋለሁ። ሲበርድ እግሩን ይዳስሱት። አዲሱ ልስልስ ነው፣ የርስዎ ዝጓል። በጣትዎ ይፍረዱ፣ እኔን አይመኑኝ።

ላቀው፦ ዝጓል።

ስንዱ፦ አምፖሉ ምንም አልሆነም። ከሱ በፊት የጣሉትም ምንም አልሆነም ነበር።

ላቀው፦ ታዲያ ጉሙ ነዋ! ዘንድሮ ጉሙ ራሱ ወፍሯል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው፣ እንደዘንድሮ ያለ ጉም ታይቶ አይታወቅም።

ስንዱ፦ እዚህ ሱቅ ውስጥ ጉም የለም ጋሼ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ላቀው፦ ተይኝ።

ስንዱ፦ በሞቴ ይንገሩኝ። ባለቤትዎ ያውቃሉ?

ላቀው፦ እሷ ምን ታውቃለች! ከጥቅምት ወዲህ ነው መሰለኝ። መጀመሪያ የፊት መስታወቱ መስሎኝ ነበር፤ በሳሙና ሳሸው፣ በጋዜጣ ስወለውለው ከረምኩ። አልጠራ ሲለኝ አምፖሉ ነው አልኩ። እኔ እንጃ… ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ እኮ። ፀሐይ ስትሆን ደህና ነኝ።

ስንዱ፦ ዛሬ ፀሐይ የለም።

ላቀው፦ ታዲያ ምን ልሁንልሽ? ውጪና «ላቀው ታውሯል፣ ውረዱ» በያቸው! ይሄን ነው የምትፈልጊ? ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሳልፍ ተራ አስከባሪው ሳይቀር እጄን ይዞ ሊያሻግረኝ ነው። ሰው ከላቀው ጋር ነው የምንሄድ የሚለኝ በመልኬ መሰለሽ? መሪውን ስይዝ ነው ሰው የምባል። ከሱ ከወረድኩ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የመኪና ድምፅ ላዳምጥ ነው? አንቺ ክፉ አልነበርሽም እኮ ስንዱ። ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና እሱም እንዲህ አንጀቴን አልቆረጠውም።

ስንዱ፦ አይማረሩ፣ የዓይን ሞራ ይሆናል። የክንዴ አባት እንደዚሁ ሆነው ተገፎላቸው የለ እንዴ? አሁን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ይታከማሉ፣ ከዚያ ተመልሰው መሪዎን ይይዛሉ። ማን ይከለክልዎታል?

ላቀው፦ እታከማለሁ። እሺ፣ ሰኞ እሄዳለሁ፣ አንቺው ትወስጂኛለሽ። ዛሬን ግን ልውጣ። ዛሬን ብቻ! ያንን ቁልቁለት እኮ በእግሬም በጎማዬም አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ።

ስንዱ፦ እሱማ ዓይንዎን ጨፍነው ነው ሲወርዱ የከረሙት! በሰማይ ያለው ነው የጠበቀዎት። ትላንት ያልነበረ ድንጋይ ተንዶ ቢጠብቅዎስ? የተበላሸ ከባድ መኪና መሐል መንገድ ቆሞ ቢሆንስ? እሱም እንደ አህያዋ ቆሞ መጥቶ ሊገጭዎ ነው?

ላቀው፦ አፍሽን ያዢ!

ስንዱ፦ አልይዝም!

ላቀው፦ … ይኸውና፣ እንደገና ክላክስ። እትዬ ዘውዴ ናት ጋቢና የተቀመጠችው፣ እሷ ናት ከዚያ ላይ እጇን እየዘረጋች የምትነካካው። ስንዱዬ፣ አፈር ስሆን፣ ልሂድበት። ቀብር ካመለጣቸው ጥላዬ ምን ይለኛል?

ስንዱ፦ እሺ።

ላቀው፦ እሺ?

ስንዱ፦ እሺ፣ እኔም ደከመኝ። አዲሶቹን እገጥምልዎታለሁ። ከዚያ ሱቁን እዘጋለሁ። ጓዳ የተኛውን ልጄን አዝዬ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ እወጣለሁ።

ላቀው፦ ወዴት?

ስንዱ፦ ለቅሶ ነዋ። የጥላዬ እናት ለኔም እናቴ ነበሩ። እትዬ ዘውዴን ትንሽ ጠጋ በሉልኝ ብዬ ጋቢና ከጎንዎ እቀመጣለሁ።

ላቀው፦ አንቺ አትሄጂም።

ስንዱ፦ ለምን?

ላቀው፦ ሕፃን ተይዞ ነው በዚህ ጉም? ይበርደዋል።

ስንዱ፦ በጋቢ ጠቅልዬ እይዘዋለሁ።

ላቀው፦ ገበያሽስ?

ስንዱ፦ ገበያው የት ይሄዳል? ለቅሶ አይደለም እንዴ።

ላቀው፦ አትግቢ አልኩሽ እኮ! ስንዱ፣ እምቢ ካልሽ ጎትቼ ነው የማወርድሽ!

ስንዱ፦ ለምን ጋሼ? ቁልቁለቱን ያውቁት የለ? ዓይንዎን ጨፍነው ይወርዱት የለ? እኔንና ልጄን ምን ሊያደርጉን ነው? ይንገሩኛ!

ላቀው፦ ልጁን ይዘሽ አትግቢብኝ። በቃ። በአባትሽ አጥንት።

ስንዱ፦ እትዬ ዘውዴስ ልጆች የሏቸውም? ከኋላ ያሉትስ? በክንዴ መኪና ያሉት፣ የርስዎን ቀይ መብራት አምነው የሚመጡት፣ እነሱን ማን ጎትቶ ያውርዳቸው?

ላቀው፦ … ወንበር አለሽ እዚህ?

ስንዱ፦ ይሄው፣ ይቀመጡ። ውኃ ልስጥዎ?

ላቀው፦ ውኃ አልፈልግም። ክንዴ ቁልቁለቱን እንዴት ነው የሚይዘው?

ስንዱ፦ ይሮጣል ይላሉ። ግን ያያል።

ላቀው፦ ይሮጣል… ልጅ ነዋ። አዲሶቹ ቢጫዎች ለሱ መኪና ይገባሉ?

ስንዱ፦ አያያዛቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ይገባሉ።

ላቀው፦ ግጠሚለት። ያንን ነጩን ነቅለሽ ጣይለት። ባዶ ወንበሮች ስላሉት ሰዉን ወደሱ እናሻግረው፤ የተረፈውም ካለ ቆሞ ይሄዳል፣ ለቅሶ ነው፣ ይችለዋል። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ከዋሻው ሲወጣ ሁለተኛ ማርሽ ይዞ ፍሬኑን እንዳይነካ፤ ካልሰማኝ ጆሮውን ነው የምይዘው። እሱ ይይ፣ እኔ መንገዱን እነግረዋለሁ።

ስንዱ፦ እግዜር ይስጥዎ ጋሼ። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ።

ላቀው፦ አታልቅሺብኝ፣ እኔስ መች አለቀስኩ።

ስንዱ፦ አላለቀስኩም። ይስሙኝ፣ ሰዉ ለምን አትነዳም ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ። እኔ ወጥቼ ሞተሩን አጠፋና፣ መኪናው እምቢ አለ፣ የሚቀየር ዕቃ አለበት እላቸዋለሁ። ሱቄ በር ላይ የቆመ መኪና ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ማንም ሳያውቅ ታክመው ይመለሳሉ።

ላቀው፦ እንዲያ ብትያቸው ያምኑሻል?

ስንዱ፦ ለምን አያምኑኝም?

ላቀው፦ እሱማ ያምኑሻል። ቅዳሜም መኪናው ተሠራ ወይ ብለው ይመጣሉ፤ እኔም ተሠራ ብዬ እጭናቸዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ ስንዱ።

ስንዱ፦ ታዲያ ምን ልበላቸው?

ላቀው፦ መኪናዬ ጤነኛ ናት። ዓይኔ ነው በያቸው።