ከሻይ ብርጭቆው ሥር

(ኮምቦልቻ፤ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የርዕሰ መምህሩ ቢሮ። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት፣ ልብስ ሰፊዋ ሰዓዳ የልጇን የምዝገባ ቅጽ ይዛ ከርዕሰ መምህሩ ከአቶ ጥላዬ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።)

ጥላዬ፦ አልፈርምም አልኩ አልፈርምም! ስንት ጊዜ ልበል?

ሰዓዳ፦ እስኪፈርሙ ድረስ ነዋ።

ጥላዬ፦ ሴትዮ፣ ልጅሽ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ «በ»ን «ሰ» ትላለች። እንዲህ ያለችዋን ለክልል ፈተና አስመዝግቤ ትምህርት ቤቴን መሳቂያ ላድርግ?

ሰዓዳ፦ ትምህርት ቤቱ የእርስዎ የሆነው መቼ ነው? በኅዳር አይደል የመጡት? ፈትያ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ እዚሁ ናት።

ጥላዬ፦ ስድስት ዓመት ተቀምጣ ስድስት መስመር ማንበብ ያልቻለች! እኔ ብሆን ይህን አላወራም፤ እሸሽገዋለሁ።

ሰዓዳ፦ ምን ሰርቃ ነው የምሸሽጋት?

ጥላዬ፦ ስሚ። ዘንድሮ ከመቶ መቶ አሳልፋለሁ ብዬ ለወረዳው ቃል ገብቻለሁ። በአንዲት ሰነፍ ምክንያት...

ሰዓዳ፦ ሰነፍ አይደለችም።

ጥላዬ፦ እሺ፤ ደደብ።

ሰዓዳ፦ ይቺን ቃል ያስቀምጡልኝ። ስወጣ እወስዳታለሁ።

ጥላዬ፦ ውሰጃት፣ ነፃ ናት! ደግሞ ያ በሽታ ምን ነበር ያልሽው? ዲስ...

ሰዓዳ፦ ዲስሌክሲያ። በሽታም አይደለም። የማንበብ ችግር ነው፤ አብሯት የተፈጠረ።

ጥላዬ፦ ስንፍናም የፈረንጅ ስም ወጣለት! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለውን መምህራችን በአለንጋ ነበር የሚያድነው።

ሰዓዳ፦ ዳኑ?

ጥላዬ፦ እነማን?

ሰዓዳ፦ የተገረፉት።

ጥላዬ፦ እኔ ምን አውቃለሁ... አብዛኞቹ ትምህርት ጥለው ጠፉ።

ሰዓዳ፦ ጥሩ መድኃኒት ነው። በሽተኛውን ከነበሽታው የሚያባርር። እኔም በዚያው መድኃኒት አራተኛ ክፍል ላይ ከተባረሩት ነኝ።

ጥላዬ፦ እንዲያ በይኝ! ነገሩ ዘር ነዋ። ታዲያ ምን አለፋሽ? የስፌት መኪናሽ ላይ አስቀምጫት። ለመርፌ ምን ፊደል ያስፈልጋል?

ሰዓዳ፦ ስፌት የትምህርት ቤት ጥራጊ መጣያ ነው? የለበሱት ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ረዝሞ ነበር የመጣልኝ። ያስተካከልኩት በደደብነት ነው?

ጥላዬ፦ ከሱሪዬ ውረጂ!

ሰዓዳ፦ ወርጃለሁ። ወደ ፈተናው እንመለስ። ጥያቄውን ሰው ያንብብላትና በቃሏ ትመልስ፤ የምለው ይቺን ብቻ ነው።

ጥላዬ፦ ለምን መልሱንም አንነግራትም?

ሰዓዳ፦ መልሱንማ ታውቀዋለች። ለዓይነ ስውር ልጅ አንባቢ ይመደብለት የለም?

ጥላዬ፦ የልጅሽ ዓይን እኮ ከጤፍ ውስጥ ጠጠር ይለቅማል!

ሰዓዳ፦ ይለቅማል። ገጽ ላይ ሲሆን ግን «እማ፣ ፊደሎቹ ሰልፍ አይይዙልኝም» ትለኛለች። ሁለተኛ ክፍልን ሁለቴ ተማረች። ቁሚና አንብቢ በተባለች ቀን ምሳዋን ሳትበላ ነው የምትመጣው። ምሳ ዕቃዋን ስከፍት ምን እንደሚሰማኝ እርስዎ አያውቁም።

ጥላዬ፦ ለሌላው ሰልፍ የያዘ ፊደል ለእሷ ለምን ይበተናል? አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ፈተና፣ አንድ ሕግ!

ሰዓዳ፦ አቶ ጥላዬ፣ የዚህን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋው እኔ ነኝ። ሁሉንም ልጅ በአንድ ልክ ብሰፋው ምን ይሉኝ ነበር?

ጥላዬ፦ ጨርቁን አበላሸሽው እልሻለሁ።

ሰዓዳ፦ ልጅ ሲሆንስ?

ጥላዬ፦ ደግሞ የልብስ ሰፊ ፍልስፍና ተጀመረ! ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ... ቆይ። ዝም በይ እስቲ። ድምፅ ማጉያውን ስሚ።

ሰዓዳ፦ እየሰማሁ ነው።

ጥላዬ፦ የተማሪዎች ሚኒ ሚዲያ ነው፤ የሰልፍ ዜና። ዛሬ ስለ ወባ ነው። «ያቆረ ውሃ እናፋስስ፤ አጎበሩንም ለዶሮ ቤት አናድርግ!» ሰማሽ? ለዶሮ ቤት! ሜዳው ሁሉ ሳቀ። አንድ ቃል እንኳ አልተደናቀፈችም። ማንበብ ማለት ይህ ነው!

ሰዓዳ፦ ደስ ትላለች።

ጥላዬ፦ ደስ ትላለች ብቻ? ሐሙስ እንግዶች ከዞን ሲመጡ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩን የምታቀርበው እሷ ናት። ለዞኑ ውድድርም ስሟን ልኬያለሁ፤ ያምሮት አበጀ። ከልጅሽ ጋር እኮ አንድ ክፍል ናቸው!

ሰዓዳ፦ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ጥላዬ፦ ይኸው! አጠገቧ ተቀምጣ እንኳ አልተጋባባትም። እኔስ የምፈራው የልጅሽ ለያምሮት እንዳይጋባ ነው። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቂያለሽ።

ሰዓዳ፦ አውቃለሁ። ያምሮትን በመልክ ያውቋታል?

ጥላዬ፦ ድምፅዋ ይበቃኛል።

ሰዓዳ፦ ሰልፉ ላይ ወርደው አያውቁም?

ጥላዬ፦ አቧራው ለሳይነሴ አይስማማም። መሪ የሆነ ሰው ቢሮው ተቀምጦ ሁሉን ይሰማል። ዜናው ባለቀ ቁጥር «አዘጋጅ፣ ያምሮት አበጀ» ሲባል እሰማለሁ።

ሰዓዳ፦ አዘጋጇስ እሷ ናት። የምትጽፈው እሷ ናት።

ጥላዬ፦ አንባቢዋስ?

ሰዓዳ፦ አስቀድመው እርስዎ ይንገሩኝ። ይቺ አሁን ድምፅዋን የሰማናት ልጅ ደደብ ናት?

ጥላዬ፦ አብደሻል? እንዲህ ያለች ልጅ በመቶ ዓመት አንዴ ብትገኝ ነው!

ሰዓዳ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የኔ ልጅ ናት።

ጥላዬ፦ ማን?

ሰዓዳ፦ ስለ ዶሮ ቤቱ የተናገረችው። ፈትያ።

ጥላዬ፦ አትቀልጂብኝ።

ሰዓዳ፦ መስኮቱ ከኋላዎ ነው፤ ይክፈቱት። ማይኩን የያዘችው ባለ አረንጓዴ ሻርፗ ናት። አብሽር፣ ዛሬ አቧራው ትንሽ ነው።

ጥላዬ፦ ባለ አረንጓዴ... እጇ ላይ ወረቀት አለ እኮ! ታነባለች!

ሰዓዳ፦ እሱ የኔ የልክ መውሰጃ ወረቀት ነው፤ የወገብና የትከሻ ቁጥር ነው ያለበት። ባዶ እጄን ብቆም ይስቁብኛል ብላ ነው የምትይዘው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ያምሮት ሱቄ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ሁለቴ ታነብላታለች። በሦስተኛው ፈትያ ቀድማት ትጨርሰዋለች። የዶሮ ቤቱን ደግሞ ወላሂ ከራሷ ነው የጨመረችው።

ጥላዬ፦ በቃል መያዝማ በቀቀንም ይችላል።

ሰዓዳ፦ አሁን በመቶ ዓመት አንዴ የምትገኝ አልነበረች? የኔ መሆኗን ሲሰሙ በቀቀን ሆነች?

ጥላዬ፦ ይህ ማጭበርበር ነው! እናትና ልጅ ሆናችሁ ትምህርት ቤቱን አታለላችሁ! ለመሆኑ የክፍል መምህሯ ያውቃል?

ሰዓዳ፦ መምህር እንድሪስ? ያውቃል እንጂ። ጽፎልዎታል።

ጥላዬ፦ ለኔ የደረሰኝ ነገር የለም።

ሰዓዳ፦ ደርሶዎታል። ብርጭቆዎን ያንሱት።

ጥላዬ፦ የምን ብርጭቆ?

ሰዓዳ፦ የሻዩን። ከሥሩ ያለው ወረቀት ነው። ከገባሁ ጀምሮ ሳየው ነበር። ጽሑፉን ባላነበውም ያችን የመምህሩን ጅራተ ረዥም ፊርማ ከልጄ ደብተር አውቃታለሁ። ሰባት የሻይ ክብ ቆጥሬበታለሁ።

ጥላዬ፦ ይህ... የድሮ ቃለ ጉባኤ መስሎኝ ነው።

ሰዓዳ፦ ያንብቡት። ጮክ ብለው፤ እኔ አልችልም።

ጥላዬ፦ «ጥር ሦስት ቀን። ተማሪ ፈትያ ሰዒድ የማንበብ ችግር ያለባት መሆኑን... በቃል ስትጠየቅ ግን ከክፍሉ አንደኛ... የሚኒ ሚዲያውንም ዜና ጓደኛዋ እያነበበችላት በቃሏ የምታቀርበው እርሷ ስትሆን... በፈተናው ዕለት አንባቢ እንዲመደብላት ርዕሰ መምህሩ...»

ሰዓዳ፦ ምነው አቋረጡ? ፊደሎቹ ሰልፍ አልያዙልዎትም?

ጥላዬ፦ ወይዘሮ ሰዓዳ... እባክዎ ይቀመጡ።

ሰዓዳ፦ አንቱ ሆንኩ? ስገባ ሴትዮ ነበርኩ። ወንበሩም ገና አሁን ነው የታየዎት?

ጥላዬ፦ ነገሩን ረጋ ብለን ብናየው ይሻላል። የሐሙሱ ንግግር መቼም... ልጅዎ ታቀርበዋለች አይደል?

ሰዓዳ፦ በእንግዳ ፊት ጎበዝ፣ ለፈተና ደደብ መሆን የለም። ለሐሙስ ከፈለጓት ዛሬ ያስመዝግቧት። አንባቢ እንዲመደብላትም ከቅጹ ሥር ይጻፉ።

ጥላዬ፦ እንዲህ መካረር ምን ያደርጋል? እኔ እኮ ማንንም ለመናቅ ብዬ አይደለም።

ሰዓዳ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እኔን ስለናቁኝ ነው ልጄን የሰደቧት። ወደዚህ ስመጣ ፈርቼዎት ነበር። አሁን ግን እኔም ንቄዎታለሁ። እኩል ነን፤ ይፈርሙ።

ጥላዬ፦ እፈርማለሁ፣ እፈርማለሁ። ለውድድሩም ያምሮትን ሰርዤ በልጅዎ ስም...

ሰዓዳ፦ ያምሮትን ማን ሰርዙ አለዎት? ጽሑፉ የሷ ነው። ሁለቱንም ይጻፉ፤ እሷን ከላይ ያድርጓት።

ጥላዬ፦ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ይህ ወረቀት ሦስት ወር እዚህ መቀመጡ በእንግዶቹ ፊት እንዳይነሳብኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያላነበብኩት።

ሰዓዳ፦ ልጄ ያላነበበችው አቅቷት ነው። እርስዎን ምን አቃተዎት?

ጥላዬ፦ ይኸው፤ ፈረምኩ። ማኅተሙም ተመታ። ሌላ የቀረ ነገር አለ?

ሰዓዳ፦ አለ እንጂ። ያስቀምጡልኝ ያልኩዎት ቃል። ልወስዳት ነበር፤ ግን ለልጄ አትሆናትም። በእርስዎ ልክ የተሰፋች ናት፤ ይልበሷት።